የየመን እስስት አያያዝ፦ ኬጁ፣ ብርሃኑ፣ ውሃውና የሴቷ እንቁላል

የየመን እስስት የሚታይ እንጂ የሚታቀፍ እንስሳ አይደለም። ይህን ከልቡ ለተቀበለ ሰው ሌላው ሁሉ ይቀለዋል፤ ማቀፍና መዳበስ የሚፈልግ ግን ሌላ እንስሳ ቢያሳድግ ለራሱም ለእስስቱም ይበጃል። እስስት የሰው እጅን ቢታገስ እንኳ አይወደውም። ሕመሙንም አጥብቆ ይደብቃል። ዱር ውስጥ ደከም ብሎ የታየ እስስት የወፍ ወይም የእባብ ሲሳይ ስለሚሆን፣ አቅሙ እስኪሟጠጥ ድረስ ደህና መስሎ ይቆያል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው እንስሳው ከመምጣቱ በፊት ነው። ኬጁ ተሠርቶ፣ መብራቱ ተሰቅሎ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ቀንና ሌሊት ተለክቶ ካላለቀ እስስቱ ወደ ቤት መግባት የለበትም።

ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

በሳይንሳዊ ስሙ ካሜሊዮ ካሊፕትራተስ የሚባለው ይህ እስስት አገሩ የመንና ደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። በደጋማ ተዳፋቶችና በሸለቆዎች ውስጥ ባሉ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ላይ ይኖራል። ቀኑ ሞቃትና ደረቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነ አካባቢ የኖረ በመሆኑ በቤት ውስጥም የሚያስፈልገው ይኸው የቀንና የሌሊት ልዩነት ነው።

ወንዱ ጅራቱን ጨምሮ ከ43 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሴቷ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ናት። በጭንቅላታቸው ላይ ወደ ላይ የቆመ የራስ ቁር የመሰለ አጥንታም ጉብታ አላቸው። የወንዱ ጉብታ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊረዝም ይችላል። ገና ከእንቁላል የወጣ ጫጩትን ጾታ ለመለየት የኋላ እግሩን ተረከዝ ይመልከቱ፤ ወንድ ከሆነ ትንሽ ጉጥ አለችው፣ ሴት ከሆነች የላትም። በጥሩ አያያዝ ወንዱ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይኖራል። ሴቷ እንቁላል መጣል ስለሚያደክማት ብዙ ጊዜ ከእሱ ቀድማ ታልፋለች።

ቀለሙን የሚለውጠው ያረፈበትን ነገር ለመምሰል ነው የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። ቀለሙ ስለ ሙቀቱና ስለ ስሜቱ ይናገራል። ጠዋት ጠቆር ብሎ ጎኑን ወደ መብራቱ ካዞረ ሙቀት እየሰበሰበ ነው፤ ገርጥቶ አፉን ከከፈተ ሞቆታል፤ ቀኑን ሙሉ ጠቁሮ፣ ሰውነቱን አጥብቦ ቅጠል ውስጥ ከተደበቀ አንድ የሚያስጨንቀው ነገር አለ። ተኝቶ ሳለ መፍዘዙ ግን ጤናማ ነው።

ሲገዙ ዱር ተይዞ የመጣውን ሳይሆን በሰው እጅ የተፈለፈለውን፣ ዕድሜውም ቢያንስ 3 ወር የሞላውን ይምረጡ። ከዱር የተያዘው አብዛኛውን ጊዜ በጥገኛ ትላትል የተወረረና ውሃ የተጠማ ነው። ዓይኖቹ ሞላ ብለው በየፊናቸው የሚዞሩ፣ እግሮቹ ቀጥ ያሉ፣ እንጨት ሲጨብጥ የማይንቀጠቀጥ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ምላሱን ወርውሮ ሲበላም ይዩ። ይህ ዝርያ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይትስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላለ ድንበር ሲሻገር የፈቃድ ወረቀት ያስፈልገዋል። በሃዋይና በፍሎሪዳ ተለቆ ስለተራባ በሃዋይ ማሳደጉ ክልክል ነው። በሚኖሩበት አገር የተፈቀደ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ማሳደጉ ቢከብድዎትም በፍጹም ሜዳ ላይ አይልቀቁት።

ኬጁ

ለአዋቂ ወንድ 60 በ60፣ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኬጅ ዝቅተኛው ልክ ነው። ለሴት 45 በ45 በ90 ይበቃል፤ ሰፋ ቢል ግን ይመረጣል። የማይዛግ የአሉሚኒየም ወንፊት ጥሩ ነው። ፕላስቲክነት ያለውን ስስ ወንፊት ፌንጣ በልቶ ይቀደዋል፤ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ የጥሬ ሽቦ መረብ ደግሞ ጥፍሩን ይነቅልበታል። ቤቱ በጣም ደረቅ ወይም ቀዝቃዛ ከሆነ ሦስቱን ጎን በፕላስቲክ ሸፍኖ የላዩን ወንፊትና ከፊት በኩል የታችኛውን አየር ማስገቢያ ክፍት መተው ይቻላል። አየር ከታች ገብቶ ከላይ መውጣት አለበት። ሙቀትና እርጥበት በአንድ ላይ ታፍነው ከቆዩ ሳንባው ይታመማል። በመስታወት ኬጅ ደግሞ የራሱን ምስል እያየ ሌላ እስስት የመጣበት ይመስለዋል፣ ቀኑን ሙሉም ሲጋጭ ይውላል።

ኬጁን ወለል ላይ አያስቀምጡት። እስስት ከበላዩ የቆመን ሁሉ እንደ ጠላት ያያል። ከፍ ያለ ጠረጴዛ ወይም መደርደሪያ ላይ ሆኖ ዋና ማረፊያው ከሰው ዓይን በላይ ሲውል የብዙ እስስቶች ጠባይ በጥቂት ቀናት ይለወጣል። ቦታው የክፍሉ ጥግ ቢሆን፣ በር በሚከፈትበትና ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ባይሆን ይመረጣል። ሁለት እስስት በአንድ ኬጅ አይኖሩም፤ ወንድና ሴትም፣ ሁለት ሴቶችም ቢሆኑ። ባይናከሱም አንዱ ሌላውን ከመብራትና ከምግብ ያርቀዋል፤ ሁለት ኬጆች ጎን ለጎን ካሉም በመሃላቸው መጋረጃ ያድርጉ።

ውስጡን በቅርንጫፍ ይሙሉት። እግሩ ሁለትና ሦስት ጣት በአንድ ተጣብቀው እንደ ጉጠት የሚይዝ ስለሆነ፣ የሚይዘው እንጨት ውፍረት ከእርሳስ እስከ አውራ ጣት ድረስ የተለያየ ይሁን። አንዳንዱን አግድም፣ አንዳንዱን አዘንብለው ያስሩት፤ ከላይ እስከ ታች መሬት ሳይረግጥ መውረድ መቻል አለበት። የመካከሉና የታችኛው ክፍል በቅጠል የተሸፈነ፣ የላዩ ገላጣ ይሁን። የየመን እስስት ከሌሎች እስስቶች በተለየ ቅጠል ይበላል። ስለዚህ የፕላስቲክ ተክል አይሆንም፤ ቆርጦ ውጦት አንጀቱን ሊዘጋበት ይችላል። ፊከስ ቤንጃሚና፣ ሸፍሌራ፣ ሂቢስከስና ፖቶስ በብዙ አሳዳጊዎች ዘንድ የተለመዱ ናቸው። እንደ ኦሊያንደርና ዲፈንባኪያ ያሉ መርዛማ ተክሎች ድርሽ አይበሉ። ከችግኝ ጣቢያ የመጣ ተክል ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል ቅጠሉን በደንብ አጥበው፣ ማዳበሪያ በሌለው አዲስ አፈር ላይ ያዛውሩትና ጥቂት ሳምንታት ውጭ ያቆዩት። የማሰሮውን አፈር እስስቱ ሊውጠው በማይችል ትልልቅ ጠጠር ይሸፍኑ። የኬጁ ወለል ባዶ ይሁን፤ ከሥሩ ውሃ የሚጠራቀምበት ትሪ ያድርጉ።

ብርሃንና ሙቀት

ሁለት የተለያዩ መብራቶች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

የመጀመሪያው የዩቪቢ መብራት ነው፤ ዩቪቢ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ በዓይን የማይታይ ጨረር ነው። እስስት ከምግብ ያገኘውን ካልሲየም ወደ ደሙ ለማስገባት ቫይታሚን ዲ3 ያስፈልገዋል፣ ዲ3ን ደግሞ ቆዳው በዩቪቢ ጨረር ይሠራዋል። ጨረሩ ከሌለ ሰውነቱ ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት ይወስዳል፤ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል። ለዚህ የሚሆነው ቲ5 ኤችኦ የሚባለው ረጅም ቱቦ መብራት ነው፤ ጥንካሬው 5.0 ወይም 6 በመቶ የሚል ጽሑፍ ያለበትን፣ አንጸባራቂ ሽፋን ያለውን ይምረጡ። የተጠማዘዙት ትንንሽ አምፖሎች ጨረራቸው የሚደርሰው ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ቁመት አይበቁም። መብራቱን ከኬጁ ጣሪያ ወንፊት በላይ አስቀምጠው፣ ከፍተኛውን ማረፊያ የእስስቱ ጀርባ ከመብራቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ አድርገው ይሰሩ። የዩቪ መለኪያ ማግኘት ከቻሉ እዚያ ቦታ ላይ ኢንዴክሱ 3 አካባቢ ይሁን። ወንፊቱ ራሱ ከጨረሩ ጥሩ ድርሻ ይቀንሳል፤ የመስኮት መስታወት ደግሞ ዩቪቢን ጨርሶ ለማለት ይቻላል ያግደዋል። መስኮት ዳር ማስቀመጥ ሙቀት ብቻ ያመጣል። ቱቦው እያበራ ጨረሩ ሊያልቅ ስለሚችል መለኪያ ከሌለዎት በየዓመቱ ይቀይሩት፤ የተከሉበትን ቀን ጫፉ ላይ ይጻፉ።

ሁለተኛው የሙቀት አምፖል ነው፤ ተራ ነጭ ሃሎጅን ይበቃል። ሙቀቱን የሚለኩት እስስቱ ሲቀመጥ ጉብታው በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው፤ እንጨቱ ላይ የተለካ ቁጥር ያሳስታል። ለአዋቂ ወንድ ከ29 እስከ 31 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለሴትና ለግልገል ከ27 እስከ 28 ይሁን። የተቀረው ኬጅ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ ይቀዝቅዝ። አምፖሉ ሁልጊዜ ከኬጁ ውጭ፣ ከወንፊቱ ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። እስስት ጠዋት በርዶት ሲወጣ ጉብታውን ወንፊቱ ድረስ ያስጠጋል፣ መቃጠሉንም ቶሎ አይረዳም። ቁስሉ በማግስቱ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኖ ሲታይ ቆዳው ቀድሞ ሞቷል። ክፍተቱን ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች አያድርጉት።

ሁለቱም መብራቶች በታይመር 12 ሰዓት ይብሩ፣ 12 ሰዓት ይጥፉ። ሌሊት ቀይም ሰማያዊም መብራት አያስፈልግም፤ ሙቀቱ ወርዶ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ይጠቅመዋል።

ውሃ

አዲስ አሳዳጊ ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እስስት በሳህን የተቀመጠን ውሃ ብዙውን ጊዜ አያየውም። የሚጠጣው ቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ጠብታ እየላሰ ነው። ከዚያ ይልቅ የማይታወቀው፣ ሌሊት ተኝቶ እርጥብ አየር መተንፈሱ ውሃ እንዳያጣ ትልቅ እገዛ እንደሚያደርግለት ነው። የቀኑ ልክ ከ30 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ነው፤ ሌሊት ከ80 በመቶ በላይ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ማርጠብ ግን ሻጋታና የሳንባ ሕመም ያመጣል።

መርሐ ግብሩ እንዲህ ነው። ጠዋት መብራት ከመብራቱ በፊት ለሁለት ደቂቃ ውሃ በስሱ ይረጫል። ይህ የጠዋት ጤዛው ነው፤ እስስቱ ሲነቃ ቅጠሉን እየላሰ ይጠጣል፣ ረፋዱ ላይ ኬጁ ይደርቃል። ቀትር ላይ ከጣሪያው በላይ ያስቀመጡት የፕላስቲክ ዕቃ በጠባብ ቀዳዳ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ቅጠል ላይ ያንጠብጥብ፤ በየሁለት ሴኮንዱ አንድ ጠብታ በቂ ነው። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ለሁለት ደቂቃ እንደገና ይረጫል። የጉም ማሽን ካለዎት ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያሠሩት፣ ነገር ግን ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ብቻ፤ ሞቃት ጉም ባክቴሪያ ያራባል። ማሽኑ ውስጥ የሚገባው የተጣራ ውሃ ይሁን፣ ዕቃውም በየሳምንቱ ታጥቦ ይድረቅ። ፊቱ ላይ በቀጥታ አይርጩ፤ በመርፌ መሰል ስሪንጅ አፉ ውስጥ ውሃ መጨመርም ወደ ሳንባው ሊያስገባበት ስለሚችል ለሐኪም የሚተው ነው።

ውሃው መብቃቱን የሚነግርዎት ኩሱ ነው። ከጥቁሩ ኩስ ጋር የሚወጣው ጠጣር ሽንት ነጭ ወይም ጫፉ ላይ ብቻ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ ከሆነ፣ ዓይኖቹም ከጎደጎዱ፣ ውሃ አንሶታል።

ምግብ

ዋናው ምግብ ክሪኬት የሚባለው ፌንጣና ዱቢያ በረሮ ነው። የሐር ትልና የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ጥሩ ቅያሬ ናቸው። የሰም ትል ስብ ስለሆነ አልፎ አልፎ ይሰጥ። የነፍሳቱ ርዝመት በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት ብዙ አይብለጥ። ከሜዳ የተያዘ ነፍሳት መርዝ የነካውና ጥገኛ ትል ያለበት ሊሆን ስለሚችል አይሰጥም።

ነፍሳቱ ራሳቸው ካልበሉ እስስቱ ባዶ ቅርፊት ነው የሚበላው። ከመሰጠታቸው አንድ ቀን በፊት ጎመን፣ ካሮት፣ ስኳር ድንችና ብርቱካን ይመግቧቸው። ፎስፈረሳቸው ከካልሲየማቸው ስለሚበልጥ፣ በሚሰጡበት ጊዜ ሁሉ ዲ3 የሌለበት የካልሲየም ዱቄት በስሱ ይነስንሱባቸው፤ ዱቄት ያለበት ላስቲክ ውስጥ ከተው አንዴ ማንቀጥቀጥ ይበቃል። ዲ3ና ቫይታሚን ኤ ያለበት መልቲቫይታሚን በ15 ቀን አንድ ጊዜ ነው። ሁለቱም ቫይታሚኖች ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀሙ ማብዛቱ ይጎዳል።

እስከ 6 ወር ድረስ በየቀኑ የሚፈልገውን ያህል ይብላ። ከዚያ ወዲህ ይቀንሱለት፤ ከዓመት በኋላ ለወንድ በሁለት ቀን አንዴ ከ3 እስከ 5 ነፍሳት ይበቃሉ። የተራበ እየመሰለ ወደ በሩ ሲመጣ መጨመር ያሰኛል፤ ግን ከመጠን ያለፈ ምግብ ይህን እንስሳ ያወፍራል፣ ኩላሊቱንና ጉበቱንም ያደክማል። ያልተበላ ፌንጣ ሌሊት ኬጁ ውስጥ አይደር፤ የተኛውን እስስት ይነክሳል። ከፍ ያለ ለስላሳ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ቅርንጫፍ ላይ ማንጠልጠሉ ፌንጣው እንዳይበተን ያደርጋል፣ እስስቱም ምላሱን ወርውሮ ለማደን ያመቸዋል።

ሴቷና እንቁላሏ

ሴት የየመን እስስት ወንድ አጠገቧ ደርሶ ባያውቅም እንቁላል ትጥላለች። ይህን ሳያውቁ ሴት የሚገዙ ብዙዎች ናቸው፤ መጣያ አጥታ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ የቀረ ሴት ትሞታለች። ከ5 ወር ዕድሜ ጀምሮ የእንቁላል መጣያው ሁልጊዜ ኬጁ ውስጥ ይኑር።

መጣያው 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ የታጠበ አሸዋ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይሞላበታል። አሸዋውን በእጅዎ ሲጨብጡት ቅርጹን ይዞ መቆየት፣ ውሃ ግን ጠብ አለማለት አለበት። ከዚያ በጣትዎ እስከ ታች ቀዳዳ ይቅደዱ፤ ከተደረመሰ ይበልጥ ያርጥቡት። ዋሻው የሚናድባት ሴት ቆፍራ ትተወዋለች።

ጊዜዋ ሲደርስ ምግብ ትቀንሳለች፣ ኬጁን ላይ ታች እያለች ትዞራለች፣ ወለሉን ትጭራለች። መቆፈር ስትጀምር ኬጁን በጨርቅ ይሸፍኑትና ከአጠገቧ ይራቁ። ሰው እንዳያት ካወቀች ዋሻውን ትታ ትወጣለች፣ ይህ ከተደጋገመም እንቁላሉን ትይዘዋለች። ሥራው አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊፈጅና ዋሻው ውስጥ ልታድር ትችላለች። ቀዳዳውን መልሳ ደፍና፣ ቀጥና ስትወጣ ጨርሳለች ማለት ነው። ወዲያው ረዘም ላለ ጊዜ ውሃ ያንጠብጥቡላት፣ ለጥቂት ቀናትም ካልሲየም የተነሰነሰበት ምግብ ይጨምሩላት። ምግብ አቁማ፣ ዓይኗን ጨፍና ወለል ላይ ከተቀመጠች ወይም ደጋግማ ቆፍራ ምንም ካልጣለች በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

የእንቁላሉን ብዛት በአብዛኛው የሚወስኑት ምግብና ሙቀት ናቸው። ጠግባና ሞቆላት የምታድግ ሴት በአንድ ጊዜ 60 እና ከዚያ በላይ ልትጥል ትችላለች። በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ 3 ነፍሳት ብቻ እየበላች፣ መሞቂያዋም ከ28 ዲግሪ ሳይበልጥ ያደገችዋ ግን ቁጥሩ በጣም ይቀንስላታል፣ ዕድሜዋም ይረዝማል። ስስት የሚመስለው ይህ አመጋገብ ለሴቷ ከሚደረጉት ሁሉ ትልቁ ውለታ ነው።

ወንድ ያልነካት የጣለችው ይወገዳል። የተዳቀለ ከሆነ እንቁላሎቹን ሳያገላብጡ፣ የላይኛው ጎናቸው ወደ ላይ እንደሆነ አውጥተው በረጠበ ቬርሚኩላይት (እርጥበት የሚይዝ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) ላይ ያስቀምጧቸው። ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ባለበት ጨለማ ቦታ ከ6 እስከ 9 ወር ይቆያሉ። በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ጫጩቶችን በየቀኑ የፍራፍሬ ዝንብ የመመገብና ሲያድጉ ለየብቻ የማኖር አቅም ከሌለ ማዳቀሉን አይጀምሩት።

ሲታመም

ቀን ዓይኑን የሚጨፍን እስስት ታሟል። ከዚህ ምልክት በላይ የሚታመን የለም። ከመሞቂያው ርቆ ሳለ አፉን የሚከፍት፣ ሲተነፍስ የሚያፏጭ ወይም አፉ ዳር አረፋ ያለው ሳንባው ተነክቷል። ሲራመድ የሚንቀጠቀጥ፣ ቅርንጫፍ ስቶ የሚወድቅ ወይም ምላሱ ዒላማው ጋ የማይደርስ እስስት ካልሲየም ጎድሎት ይሆናል፤ የተጣመመ አጥንት ባይቃናም ሕመሙ ቀድሞ ከተደረሰበት ይቆማል። ያበጠ መንጋጋ፣ ያበጠ መገጣጠሚያ፣ ያበጠ የዓይን ቆብ፣ እነዚህ ሁሉ ቤት ውስጥ የሚታከሙ አይደሉም።

ከኬጁ ማውጣት ሲያስፈልግ ከላይ አይያዙት። እጅዎን ከደረቱ በታች፣ ከፊቱ ዝቅ አድርገው ያቅርቡና ራሱ እንዲወጣበት ይጠብቁ፤ ቅርንጫፍ የጨበጠ እግርን መጎተት ይሰብረዋል። ከነኩት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ተሳቢ እንስሳት ጤናማ ሆነውም ሳልሞኔላ ይይዛሉ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም አይንኩት።

ወደ ሐኪም ሲወስዱት አየር ማስገቢያ ባለው ካርቶን ውስጥ አንድ እንጨት አግድም አስገብተው፣ ከታች ጨርቅ አንጥፈው፣ በጨለማ ይውሰዱት፤ ካላየ አይጨነቅም። ከ24 ሰዓት ያልበለጠው ኩስ በንጹሕ ዕቃ፣ የሙሉ ኬጁ ፎቶ ከነመብራቶቹ፣ የዩቪቢ ቱቦው የተተከለበት ቀን፣ የምትሰጧቸው ዱቄቶች ከነማሸጊያቸው፣ የመጨረሻው የተመዘነ ክብደቱ አብረው ይሂዱ። በየሳምንቱ በግራም ሚዛን እየመዘኑ መመዝገብ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ሐኪሙ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው።